ትምህርቱ ወደ ስልክ ሲገባ ስደተኛው ተማሪ ምን ይያዝ?

ዛሬ ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ነው የምጽፈው። ካርቱም ወይም ዋድ መዳኒ ሲማሩ ጦርነት የበተናቸው፣ አሁን በየመጠለያው ሆነው "ትምህርት በኦንላይን ይቀጥላል" የሚል ማስታወቂያ የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ናቸው። ማስታወቂያው የደረሳቸውም አሉ። ግን ከደረሰ በኋላ ምን ይደረጋል? ጥያቄው እዚያ ላይ ነው።

እኔ የመጠለያ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ነው የተሰደድኩት፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ታዲያ ምን አገባህ የሚለኝ ይኖራል። የሚያገባኝ እንዲህ ነው፦ እኔ የማስተምራቸው የስምንተኛ ክፍል ልጆች እነዚህን ታላላቆቻቸውን ነው የሚያዩት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የነበረው ልጅ ሰሊጥ አጨዳ ወጥቶ ካዩት፣ "ተምሮስ የት ደረሰ?" ብለው ደብተሩን ይጥሉታል። የእነሱ ዓመት ከከሰረ የኛም ክፍል ይከስራል። ለዚህ ስል ጉዳዩን ስከታተል፣ ስጠይቅ፣ ሳነብ ቆይቻለሁ።

ነገሩ እዚህ እንዴት ደረሰ?

ጦርነቱ ካርቱም ላይ የፈነዳው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ነው። በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር፤ ለሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ረመዳን እያለቀ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፣ በየግቢው ተማሪዎች ታገቱ። ከውጭ አገር መጥተው የሚማሩትም ብዙ ነበሩ። ለምሳሌ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች የሚማሩበት ነው። የናይጄሪያ መንግሥት ለተማሪዎቹ አውቶብስ ተከራይቶ ወደ ግብፅ ድንበር አወጣቸው። ከኢትዮጵያ ለትምህርት የመጣውም በጋላባት አድርጎ ወደ መተማ ተሻገረ።

ስደተኛው ተማሪ ግን አውቶብስ የሚልክለት መንግሥት የለውም። ወደ አገሩ መመለስ ስላልቻለ ነው መጀመሪያውኑ ስደተኛ የሆነው። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገዳሪፍ መጣ። ብዙዎቹ ሲመጡ የያዙት የለበሱትን ልብስና ስልካቸውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ በአንድ በርቀት ማስተማር ጀመሩ። ቢሮአቸውን ወደ ሌሎች ከተሞች አዛወሩ። ሆኖም ጦርነቱም ተከተላቸው። ዲሴምበር 2023 ዋድ መዳኒ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ገባች፤ እዚያ ተጠግቶ የነበረው ተማሪ እንደገና ተሰደደ። ፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው ሱዳን ስልክም ኢንተርኔትም ጠፋ። በጁን 2024 መጨረሻ ሲንጃ ስትወድቅ ደግሞ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተጥለቀለቀች። የሱዳን ልጆች ራሳቸው የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናቸውን ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጡት በዲሴምበር 2024 መጨረሻ ነው። ካርቱም በ2025 በሠራዊቱ እጅ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ "ወደ ግቢ ልንመለስ ነው ወይስ በዚሁ እንቀጥላለን?" የሚል ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል።

ወጪው ወደ ማን ዞረ?

እኔ እንደሚገባኝ የርቀት ትምህርት ዋና ለውጥ አስተማሪው ከሰሌዳ ወደ ስክሪን መሄዱ አይደለም። ወጪው ከዩኒቨርሲቲው ወደ ተማሪው መዞሩ ነው። ግቢ ውስጥ መብራቱን፣ ወንበሩን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ኔትወርኩን የሚያቀርበው ዩኒቨርሲቲው ነበር። አሁን መብራት ማለት ሱቅ ሄዶ ከፍሎ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ነው። ኔትወርክ ማለት በሰዓት እየከፈሉ በስታርሊንክ መጠቀም ነው። ወንበር ማለት ጄሪካን ላይ መቀመጥ ነው።

ይህንን የኛ ሰው ከዚህ በፊትም አይቶታል። በ2020 በኮሮና ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪውን ወደ ቤቱ ሲልኩ፣ በኦንላይን መቀጠል የቻለው በአብዛኛው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር፤ የገጠሩ ልጅ ዝም ብሎ ጠበቀ። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ትግራይ ውስጥ መስመር ሲቆረጥ፣ ከኦገስት 2023 በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ የርቀት ትምህርት የሚባል ነገር ከነጭራሹ አልነበረም። ኦንላይን ጥሩ ነው፤ ግን መስመሩን የሚቆጣጠረው ሌላ ሰው ነው። ኔትወርክ ሁልጊዜ ይኖራል ብሎ ያቀደ ተማሪ በመጀመሪያው መቋረጥ ይወድቃል። ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል ብሎ ያቀደ ግን ይተርፋል።

ሁለተኛው ነገር ፈተናው ነው። ሌክቸሩ ስልክ ላይ ይመጣል፤ ፈተናው ግን ብዙ ጊዜ ተማሪው በአካል እንዲቀርብ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲዎች በተሻለ ሰላም ባሉ ከተሞችና በውጭ አገር የፈተና ጣቢያ ከፍተዋል። ለሱዳናዊ ተማሪ ይህ የአውቶብስ ጉዳይ ነው። ለስደተኛው ግን የተስሪህ ጉዳይ ነው። ሱዳን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል የመንቀሳቀስ ነፃነትን በሚመለከተው አንቀጽ 26 ላይ ተቃውሞዋን አስመዝግባለች፤ ስለዚህ ከመጠለያ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። ስድስት ወር በስልክ ተምሮ በፈተናው ቀን ኬላ ላይ የሚቀር ልጅ አለ። እንግዲህ "በርቀት ተማር" ሲባል ርቀቱ የሚያልቅበት ቀን እንዳለ ማወቅ ነው።

ወረቀቱን በሚመለከት

በጁላይ 2020 አሜሪካ ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ "ትምህርታችሁ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ከሆነ አገር ውስጥ መቆየት አትችሉም" የሚል መመሪያ ለውጭ ተማሪዎች አወጣ። ሃርቫርድና ኤምአይቲ ከሰሱ፤ መመሪያው በወጣ በስምንተኛው ቀን ተነሣ። ይህ ለኛ ምን ያስተምራል? የውጭ ተማሪ የመኖሪያ ወረቀቱ በትምህርቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ትምህርቱ ሲቆም ወይም ሲቀየር ወረቀቱም ይናጋል።

የስደተኛ መታወቂያ ግን እንዲህ አይደለም። የስደተኛ ጥበቃ ተማሪ በመሆን አይመጣም፣ ትምህርት በማቆምም አይጠፋም። ስለዚህ በሁለት ወገን ላሉ ልጆች ልናገር። በስደተኛነት የተመዘገባችሁ፣ ለዩኒቨርሲቲ ይመቸኛል ብላችሁ መታወቂያችሁን አትደብቁ፣ አትጣሉ፤ ከጊዜው ካለፈ አሳድሱት። በተማሪ ኢቃማ መጥታችሁ የነበራችሁና አሁን ወደ አገር መመለስ የምትፈሩ ደግሞ፣ ኢቃማው እስኪያልቅ ዝም አትበሉ፤ ወደ ስደተኞች ኮሚሽኑ (ኮር) ወይም ወደ ዩኤንኤችሲአር የጥበቃ ክፍል ሄዳችሁ ሁኔታችሁን አስረዱ።

ሌላው መብታችሁን ማወቅ ነው። የዚያው ስምምነት አንቀጽ 22 ከአንደኛ ደረጃ በላይ ስላለው ትምህርት ሲናገር፣ ስደተኛው በትምህርት ዕድል፣ የውጭ ሰርተፍኬት ዕውቅና በማግኘት፣ በክፍያ ቅነሳና በስኮላርሺፕ ረገድ በተቻለ መጠን ጥሩ አያያዝ እንዲያገኝ፣ ቢያንስ ከሌላው የውጭ ዜጋ ያላነሰ አያያዝ እንዲኖረው ይላል። ይህ ዋስትና ገንዘብ አይሰጣችሁም። ግን የክፍያ ቅነሳ ማመልከቻ ስትጽፉ ልመና ሳይሆን በሕግ የቆመ ጥያቄ ያደርገዋል።

እሺ፣ አሁን ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር በቀጥታ ተገናኙ። የዩኒቨርሲቲውን ይፋዊ ገጽና የፋኩልቲውን የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ቡድን ከክፍል ጓደኞቻችሁ አረጋግጣችሁ ያዙ። "እኔ አስመዘግብሃለሁ፣ በባንካክ ላክልኝ" የሚል ደላላ ከመጣ፣ ብሩ ከመሄዱ በፊት የክፍያው ሒሳብ በዩኒቨርሲቲው ስም መሆኑን እዩ። በግለሰብ ስም ከሆነ ተዉት።

ሁለተኛ፣ ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በርቀት ነው ወይስ ሌክቸሩ ብቻ? ፈተናው የት ይሰጣል፣ ገዳሪፍ ወይም ከሰላ ጣቢያ አለ? ያመለጠ ፈተና በድጋሚ ይሰጣል? መልሱን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። በቃል የተባለ ነገር የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ሲቀየር ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ መማር ካልቻላችሁ አትጥፉ፤ "ታጅሚድ" ጠይቁ። ታጅሚድ ማለት ዓመቱን ማቆየት ነው፤ ስማችሁ ይቆያል፣ ስትችሉ ትመለሳላችሁ። ሳይናገር የጠፋ ተማሪ ግን እንደ ተወ ይቆጠራል። ደንቡ እንደየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ እስከ ስንት ዓመት እንደሚፈቀድ፣ ለታጅሚዱ ክፍያ እንዳለ እንደሌለ ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ልጆች ሲያፍሩ አያለሁ፤ "ክፍያውን ሳልጨርስ ምን ብዬ እጽፋለሁ?" ይላሉ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ጦርነት መኖሩን እነሱም ያውቃሉ።

አራተኛ፣ ወረቀታችሁን ዛሬውኑ አባዙ። ሜይ 2023 ኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሙሐመድ ዑመር በሺር የጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሏል። መጽሐፍ ከተቃጠለ ፋይልም ይቃጠላል። የተማሪ መታወቂያ፣ የውጤት ወረቀት፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የትምህርቶቹ ዝርዝር መግለጫ ሁሉ ፎቶ ይነሣ፤ ለራሳችሁ ኢሜይል ይላክ፤ ሌላ አገር ላለ አንድ ዘመድም ይላክ። ስልክ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባዋል፤ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ያለ ሰነድ እንደሌለ ቁጠሩት። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ደብተር ላይ ጻፉት።

አምስተኛ፣ ዳታን እንደ ውሃ ቆጥባችሁ ተጠቀሙ። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በዝቅተኛ ጥራትም ቢሆን ከ200 ሜጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ያው ትምህርት በድምፅ ብቻ ከሆነ ወደ 30 ሜጋባይት ነው፤ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ስለዚህ አስተማሪያችሁን "ጽሑፉን በፒዲኤፍ፣ ማብራሪያውን በድምፅ ላኩልን" ብላችሁ በቡድን ጠይቁ። አንድ ልጅ ያወርዳል፣ ለአምስቱ በብሉቱዝ ያካፍላል። በሳምንት ሁለት ቀን አውርዶ በቀሩት ቀናት ያለ ኔትወርክ ማጥናት ይቻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ስድስተኛ፣ ከሪፍን አስሉ። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ጥቁሩ አፈር ሲጨቀይ መኪና ይቆማል፤ ደመና ሲውል ሶላርም ይደክማል። ፈተናችሁ በዚያ ወቅት ከሆነ ተስሪሁን የፈተናው ፕሮግራም በወጣ ቀን ጠይቁ፣ ፕሮግራሙንም አያይዙ፤ ቢቻል ከሳምንት በፊት ከተማ ግቡ። የመልስ ጉዞውንም ፈቃዱ ላይ አስጽፉ።

ሰባተኛ፣ የምትማሩትን ሙያ አስቡ። ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ላቦራቶሪ፣ ምሕንድስና ያለ እጅ ሥራ አይሆንም። ንድፈ ሐሳቡን በርቀት ጨርሶ የተግባር ልምምዱን ለማን እንደምታስመዘግቡ ጠይቁ። ገዳሪፍ ሆስፒታል ወይም መጠለያው ክሊኒክ ውስጥ የምትሠሩት ሥራ እንደ ልምምድ ይያዝላችሁ እንደሆነ ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ይፈቀድ። ከሠራችሁ በኋላ ብትጠይቁ መልሱ ሊከብድ ይችላል።

አዲስ ለሚጀምሩ

ብዙዎች "ለምን ከነጭራሹ የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ አንገባም?" ብለው ይጠይቁኛል። ይቻላል፤ ግን ዓይን ገልጦ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የሚባለው በ2009 የተመሠረተ፣ አሜሪካ ውስጥ ዕውቅና ያለው የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ነው። የማስተማሪያ ክፍያ የለውም፤ የማመልከቻና ለየኮርሱ የምዘና ክፍያ ግን አለው፤ መክፈል ለማይችሉ የድጋፍ ዕድል ያዘጋጃል። ትምህርቱ በአብዛኛው በጽሑፍ ስለሆነ ለደካማ ኔትወርክ ይመቻል። ሌሎች ግን በፌስቡክ "በስድስት ወር ዲግሪ" እያሉ ይጠራሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ፦ ማን ዕውቅና ሰጠው? ነገ በምኖርበት አገር ይቀበሉታል? ኢትዮጵያ ውስጥ የውጭ ዲግሪን አቻነት የሚያይ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ሌላ አገር ለመሄድ የምታስቡ የዚያን አገር ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስኮላርሺፕን በተመለከተ ለስደተኛ ዋናው ዳፊ የሚባለው ነው። ከ1992 ጀምሮ ያለ፣ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ተጀምሮ በዩኤንኤችሲአር በኩል የሚሰጥ ነው። ማመልከቻው በነፃ ነው። "ስምህን ዝርዝሩ ውስጥ አስገባልሃለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ሌባ ነው፤ ለጥበቃ ክፍሉ ንገሩ። ዕድሉ ግን ጠባብ መሆኑን አልደብቅም። ዩኤንኤችሲአር በ2030 ከስደተኛ ወጣቶች 15 በመቶው ከፍተኛ ትምህርት እንዲደርሱ ግብ አስቀምጧል፤ በ2023 የተደረሰው 7 በመቶ ነበር። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ ከተቋረጠ ወዲህ ደግሞ የሁሉም ድርጅት እጅ አጥሯል። ስለዚህ አንድ በር ብቻ አታንኳኩ።

ለወላጆችና ለኮሚቴዎች

ይህ ሁሉ ምክር በተማሪው ትከሻ ላይ ብቻ ከተጫነ አይሆንም። ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ወንዱ ነው። ልጅቷ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ማታ ላይ ስልኩ ባትሪው አልቆ ይደርሳታል። እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ በቀን ሁለት ሰዓት ስልኩም ጊዜውም የእሷ ይሁን። ግቢ ብትሆን ኖሮ ውሃ ቅጂ ብሎ ከክፍል የሚያስወጣት አልነበረም። ቤት ሆና ስትማርም ክፍል ውስጥ እንዳለች ቁጠሩት።

ለስደተኛ ኮሚቴዎችና ለድርጅቶች ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ኬንያ ዳዳብ መጠለያ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ የኬንያታና የሞይ ዩኒቨርሲቲዎች ከካናዳው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ለስደተኛ መምህራን ትምህርት ሰጥተዋል። የተማሪው መማሪያ ማዕከል እዚያው አካባቢ ነበር፤ በከፊል በኦንላይን፣ በከፊል በአካል ተምረው ዲፕሎማና ዲግሪ ያገኙ አሉ። እኛ ጋ ያን ያህል ባይሆንም አንድ ክፍል ይበቃል። የትምህርት ቤታችን ክፍሎች ከሰዓት በኋላ ባዶ ናቸው። አንድ የስታርሊንክ ሰሃን እንደ ዓይነቱ ከ25 እስከ 100 ዋት ነው የሚወስደው፤ ጥቂት የሶላር ፓነልና አንድ ባትሪ ያንቀሳቅሱታል። ሃያ ተማሪ ለየብቻው በሰዓት ከሚከፍል በጋራ ቢያዋጣ ይረክሳል። ለሴቶች የተለየ ሰዓት ይመደብ፤ የፈተና ሰሞን ቅድሚያ ለተፈታኝ ይሁን። ድርጅቶችም መሣሪያ መግዛት ካልቻሉ፣ ቢያንስ ለተፈታኞች የቡድን ተስሪህ እንዲወጣ ከኮር ጋር ይነጋገሩ። ይህ ገንዘብ ሳይሆን ደብዳቤ ነው የሚጠይቀው።

ተማሪዎች፣ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጉ፤ ሰነዳችሁን አባዙ፣ ለሬጅስትራሩ ያችን ባለ ሦስት ጥያቄ መልእክት ላኩ። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል። መልስ ያገኛችሁ ደግሞ ለራሳችሁ ብቻ አትያዙት፤ የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ፈተና የት እንደሚሰጥ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ፣ ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይም ለጥፉት። የስምንተኛ ክፍል ልጆቼም ያንብቡት።